የሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ሥፍራ በእንጅባራና በዳንግላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን መካከል ለመካከል አቋርጦ ያልፋል። በሁለቱም ከተሞች ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚመኘው በዚሁ ጎዳና ዳር ደጃፍ ማግኘትን ነው፤ መንገደኛውም ጭነቱም ገንዘቡም የሚያልፉት በዚያ ነውና። በእንጅባራ ደግሞ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚወስደው መንገድ ስለሚገነጠል፣ የከተማይቱ አስፋልት የሁለት አቅጣጫ ዕቃ ይሸከማል። ይህ አንድ ጎዳና ለአላፊው መንገድ፣ ለአራጋፊው ወደብ፣ ለእግረኛው መሄጃ፣ ለባለ ተሽከርካሪውም ማቆሚያ ሆኖ ሲያገለግል፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጠበው ማቆሚያው ነው።

በዚህ በጠበበ ሥፍራ ላይ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ተካፋይ ተጨምሯል፤ እርሱም ሞተር ብስክሌት ነው። ቀድሞ በገጠሩ መንገድ የሚታየው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ነበር። የግብርናና የጤና ባለሙያው በያማሃ ሞተር ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲመላለስ፣ ወደ ከተማም የሚገባው ለደመወዝና ለስብሰባ ስለ ነበረ፣ ሞተሩን በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ያቆመዋል እንጂ በነጋዴ ደጅ አያቆመውም። ዛሬ ግን በህንድና በቻይና የተሠሩ፣ ዋጋቸው ከመኪና እጅግ ያነሰ ሞተሮች በገበሬውና በነጋዴው እጅ ገብተዋል። እነዚህ ደግሞ መሥሪያ ቤት የላቸውም፤ ጉዳያቸው ከባለ ሱቁ ጋር ነው፤ የሚቆሙትም በባለ ሱቁ ደጅ ነው።

የዚህን ደንበኛ ጠባይ ማወቅ ለጅምላ ሻጩ ይጠቅመዋል። በገጠር ቀበሌ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ሞተር ከመግዛቱ በፊት ወደ ከተማ የሚመጣው በገበያ ቀን ነበር፤ ዕቃውንም በአህያ ወይም በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ሲመለስ የሳምንቱን ሁሉ ሸምቶ ነው። ሞተር ካገኘ ወዲህ ግን ስኳሩ ባለቀበት ዕለት ይመጣል። አንድ ካርቶን ሳሙና፣ አንድ ጀሪካን ዘይት፣ ጥቂት እሽግ የባትሪ ድንጋይ ከኋላው በገመድ ጠፍሮ ይመለሳል። በአንድ ጊዜ የሚገዛው ትንሽ ቢሆንም ተመላልሶ ይገዛልና፣ በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ሲደመር በመኪና ከሚመጣው ሸማች የማያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ነጋዴው ሊረሳው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። ሞተር የገጠሩን ሰው እግር አቅልሎለታል፤ በእንጅባራ የሚያቆምበት ቢያጣ በአዲስ ቅዳም አልፎ ዳንግላ ለመድረስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በዳንግላ የተገፋውም ወደ እንጅባራ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የማቆሚያ ነገር የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ባለ ሱቅ፣ ደንበኛው ወዴት እንደ ሄደ ሳያውቅ ይቀራል።

ጭቅጭቁ የሚነሣው እንዲህ ነው። ባለ ሞተሩ መጥቶ ለአንድ መኪና በሚበቃ ባዶ ሥፍራ መካከል ሞተሩን ያቆማል። ቦታው ለመኪና ከሚበቃው አምስት እጅ የሚበልጠው ትርፍ ሆኖ ሳለ፣ ለሌላ መኪና ግን የተዘጋ ነው። ባለ መኪናው ከሩቅ ባዶ መስሎት ይቀርባል፤ ሲደርስ ሞተር ያገኛል። ጥሩምባ ይነፋል፤ ባለቤቱ ካልመጣ ወርዶ ሞተሩን በእጁ ይገፋል። መሪው የተቆለፈ ሞተር ሲገፋ ይወድቃል፤ ሲወድቅም መስታወቱ ይሰበራል፤ ቤንዚኑ ይፈሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ተመልክቶታል።

ይህ አንድ ጊዜ የደረሰበት ባለ ሞተር በሁለተኛው ቀን ሞተሩን ከመኪናዎች መካከል አያቆምም። በኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና ነጂ ከኋላው የቆመውን ዝቅ ያለ ሞተር ላያየው እንደሚችል ያውቃልና፣ ከጠርዙ ድንጋይ በላይ አውጥቶ በእግረኛው መሄጃ ላይ፣ በሱቁ በር አጠገብ ያቆመዋል። ዓይኑ ከንብረቱ ሳይለይ ይገበያያል። ለእርሱ መልካም ነው። ነገር ግን በሁለት ሱቆች ደጅ ስድስት ሞተሮች በቆሙ ጊዜ እግረኛው መሄጃ ያልቃል፤ እንሥራ ያዘለችው ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ ድንች የተሸከመው ወዛደር ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። በአስፋልቱ ላይ ደግሞ አይሱዙውና ሲኖትራኩ ይመጣሉ። የሞተር ጭስ መውጫ ከቆመ በኋላም ለብዙ ደቂቃ የሚያቃጥል ስለ ሆነ፣ በሰው ማለፊያ የቆመ ሞተር የሕፃን እግር ሊያቃጥል ይችላል። ባለ ሱቁ «ወንድሜ፣ ከደጄ ላይ አንሣልኝ» ሲል፣ ባለ ሞተሩም «ታዲያ የት ላቁመው?» ሲል፣ ሁለቱም እውነት አላቸው።

በሕግ ረገድ የባለ ሞተሩ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሞተር ብስክሌት በሕግ ባለሞተር ተሽከርካሪ ነው። ሰሌዳ ይለጠፍበታል፤ ነጂውም የመንጃ ፈቃድ እንዲኖረው ግድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ይገባለታል። በመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የተደነገገው ሥርዓትም እንደ መኪናው ነጂ ሁሉ የሞተሩን ነጂ ይመለከታል። የመኪናን ግዴታ የሚሸከም ተሽከርካሪ ከመኪናው ማቆሚያ ድርሻ የለውም ማለት አስቸጋሪ ነው። የእግረኛው መሄጃ ግን የእግረኛ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር ሊኖር አይገባም። እንግዲህ ሞተሩ ወደ አስፋልቱ ዳር መመለስ አለበት፤ የሚመለሰውም በሥርዓት የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ለሥርዓቱ የሚያስፈልገው መለኪያ ሜትርና ኖራ ብቻ ነው። ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ተስተካክሎ በጎኑ ለሚቆም አንድ መኪና፣ መግቢያና መውጫው ጭምር 6 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ወርድ ይበቃዋል። በአገራችን የበዙት ሞተሮች ርዝመታቸው 2 ሜትር ግድም ሲሆን፣ ከመሪያቸው ጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ናቸው። ስለዚህ ሞተሮቹ የኋላ ጎማቸው ወደ ጠርዙ ድንጋይ፣ ፊታቸው ወደ መንገዱ ሆኖ ጎን ለጎን ቢሰለፉ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሜትር ተሰጥቶ በአንድ መኪና ሥፍራ ስድስት ሞተሮች ይቆማሉ፤ ወደ መንገዱም ከቆመው መኪና ይበልጥ አይወጡም። አንድ መኪና አንድ ሰዓት ቢቆም ባለ ሱቁ የሚያገኘው አንድ ደንበኛ ነው። በዚያው ሥፍራ ስድስት ሞተሮች ለግማሽ ለግማሽ ሰዓት ቢፈራረቁ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ወደ ሱቁ ይገባሉ። ይህ ስሌት ለምሳሌ የተሰላ ነው፤ ነገር ግን ማንም ነጋዴ በደጁ ለአንድ ቀን ተቀምጦ ቢቆጥር የራሱን ቁጥር ያገኛል።

ስሌቱ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ባጃጅ ነው። ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱም 1 ሜትር ከ30 ያህል በመሆኑ፣ ከሞተሮች ጋር ቢሰለፍ አፍንጫው ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ስለ ሆነም አይነሣም። ለእርሱ የተለየ ተራ ሊኖረው ይገባል፤ ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ መቀላቀል ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ሁለተኛው የጅምላ መጋዘን ደጅ ነው። የጭነት መኪና በሚያራግፍበት በር ፊት ስድስት ሞተሮች ቢሰለፉ ወዛደሩ በየት ያልፋል? በዚህ ዓይነቱ ሥፍራ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ለማራገፊያ፣ ከዚያ በኋላ ለሞተር ተብሎ በሰዓት ቢከፈል ይሻላል። አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮች ይህን ሰዓት ከመኪና ባለቤቶች ጋር ተነጋግረው ካልወሰኑት፣ ሌላ ሰው ሳይነጋገር ይወስንላቸዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ለሞተር የሚሆነው ሥፍራ ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ሳይቀነስ የሚገኝ መሆኑ ነው። በመንገዱ ዳር ከታች እስከ ላይ ሜትር ይዞ የሚሄድ ሰው፣ በሁለት የግቢ በሮች መካከል 3 ወይም 4 ሜትር ብቻ ርዝመት ያለው፣ ለመኪና የማይበቃ ቁራጭ ሥፍራ በየቦታው ያገኛል። መኪና በዚያ ቢቆም ጭራው የአንዱን ግቢ በር ይዘጋል፤ ሦስት ሞተሮች ግን በምቾት ይቆሙበታል። እንዲሁም በመንገድ መገናኛ አጠገብ፣ ሕጉ ማቆምን ከሚከለክልበት ወሰን ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ሥፍራ ለሞተር ቢሰጥ፣ ሞተር ዝቅ ያለ ስለ ሆነ እንደ ሚኒባስ የሚመጣውን አይጋርድም፤ መንገድ የሚያቋርጠውም ሰው አሻግሮ ማየት ይችላል። በእንጅባራ የቻግኒው መንገድ በሚገነጠልበት አካባቢ የዚህ ጥቅም በግልጽ ይታያል።

ስለ መሬቱም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሞተር ወደ ግራው ዘንበል ብሎ በአንዲት የብረት እግር ይቆማል። የአዊ ምድር ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት ነው፤ አስፋልቱ ባለቀበት ዳር ያለው አፈር በክረምት ይላሽቃል፤ ብረቲቱም ትሰምጣለች። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሞተር ሲወድቅ ጎረቤቱን ይጥላል፤ ጎረቤቱም ሌላውን። በኮብልስቶን መንገድ ላይም ብረቲቱ በድንጋዮቹ መካከል ትገባለች። ከየሞተሩ ግራ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም አንድ መስመር ሲሚንቶ ማስቀመጥ ወጪው ከአንድ የተሰበረ መስታወት አይበልጥም።

የአገው ሕዝብ ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በዳንግላ ሲቀመጥ ሰውም ሸቀጥም የሚጓዘው በእንስሳ ጀርባ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን የከተማው ጭነት በፈረስ ጋሪ ተመላልሷል። ፈረስ ይራገጣል፤ ፋንድያውም አለ። ስለዚህ ባለ ፈረስ ከብቱን በገበያው ዳር እንጂ እህል በተሰጣበት መካከል አያስርም ነበር፤ ቢያስር ይነወራል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ለተመለከተ ሰው፣ ያን ያህል ፈረስ በአንድ ከተማ ተሰልፎ ማየት የሥርዓት ትምህርት ነው። ሞተር ነጂው የእነዚያው ፈረሰኞች ልጅ ነው፤ የጎደለው ማሰሪያው የት እንደ ሆነ የሚነግረው ምልክት ነው።

ምልክቱ ቢሠመርም ሞተሩን ከደጃፍ የሚያርቀው ሌላ ፍርሃት አለ፤ እርሱም ስርቆት ነው። ሞተር ቀላል ንብረት ነው፤ ሁለት ሰዎች አንሥተው በፒካፕ ሊጭኑት ይችላሉ። ባለቤቱ ሊያየው በማይችለው ሥፍራ እንዲያቆም የሚጠየቅ ከሆነ ጠባቂ ያስፈልጋል። በቬትናም ከተሞች የሚሠራበት ዘዴ ቀላልነቱ ያስደንቃል። ጠባቂው ቁጥር በጠመኔ በሞተሩ መቀመጫ ላይ ይጽፋል፤ ያንኑ ቁጥር የያዘች ቁራጭ ወረቀት ለባለ ሞተሩ ይሰጣል፤ ወረቀቷን ያልመለሰ ሰው ሞተር አይወስድም። ጠመኔው ዝናብ ባለበት አገር የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ በእንጅባራ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቁጥር የተመቱ ቆርቆሮዎች የተሻሉ ይሆናሉ፤ አንዱ በመሪው ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዱ በባለቤቱ ኪስ ይገባል። በአዲስ አበባ የመንገድ ዳር ማቆሚያ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጥቶ በደረሰኝ ሲሠራበት ቆይቷል። ያው ልማድ ለሞተር ቢውል፣ ባለ ሱቆቹ ከደጃቸው የሚሰለፉትን ሞተሮች ለሚጠብቅ ለአንድ ወጣት ዕለታዊ ክፍያ ቢያዋጡ፣ ለየሱቁ የሚደርሰው ወጪ አነስተኛ ነው። ሰው ሸምቶ ደረሰኝ ላሳየ ጥበቃው በነጻ ቢሆንለት ደግሞ ወጪው በሽያጭ ይመለሳል።

ክፍያ ማስከፈልም ቢሆን በዓለም ያልታወቀ አይደለም። የፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2022 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር በመንገድ ዳር ሲቆም እንዲከፍል አድርጓል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን በነጻ ይተወዋል። ይህ ለእንጅባራ ገና ነው፤ መስመር ያልተሠመረበትን ሥፍራ ማስከፈል ጭቅጭቁን በገንዘብ ማባዛት ይሆናል።

ነገሩ ሳይስተካከል የቆየ እንደ ሆነ ምን ሊመጣ እንደሚችል ነጋዴው ማሰብ አለበት። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ሲከለከል የተሰጠው ምክንያት ወንጀል እንጂ የማቆሚያ ጉዳይ አልነበረም፤ ሆኖም በሞተር ዕቃ ያደርስ የነበረ ነጋዴ ሁሉ በአንድ ቀን እጁ ታሰረ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደረሰው የጸጥታ ችግር ምክንያት በልዩ ልዩ ከተሞች ሞተርና ባጃጅ በየጊዜው ተገድበዋል። ባለቤቱ የማይታወቅ ሞተር በየደጃፉ ተበትኖ ሲቆም፣ ጥበቃን የሚመለከተው ባለሥልጣን ሁሉንም ማገድ ይቀለዋል። ሰሌዳው በጠባቂ መዝገብ የተጻፈ፣ በታወቀ ሥፍራ የቆመ ሞተር ግን ለመለየት የሚያመች ስለ ሆነ፣ ነጋዴው ባለሥልጣኑን ሲለምን የሚይዘው ማስረጃ ይሆንለታል።

አስመጪዎችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ እንዲሆኑ ወሰነ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲደረግ፣ ተፈታትቶ የሚገባው ምንም እንዳይከፍል ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ክልል ከተሞች መድረሱ እንግዲህ አይቀርም፤ ሲደርስም ባለቤቱ የሚፈልገው ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን ኃይል የሚሞላበት ሶኬት ነው። ኃይል ለመሙላት የቆመ ሰው ቡና ይጠጣል፤ ሱቅም ይጎበኛል። ዛሬ መስመሩ ሲሠመር ከኤሌክትሪክ ምሰሶው ርቆ ከሆነ ነገ እንደገና ማጥፋት ግድ ይሆናል።

ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅም ሥራውን ያቀላል። ዋናው አውራ ጎዳና የፌዴራል መንገድ ስለ ሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ያገባዋል፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ግን የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ስለዚህ ነጋዴዎች አቤቱታቸውን በአንድ ደብዳቤ ጽፈው ለአንድ መሥሪያ ቤት ቢያቀርቡ፣ ደብዳቤው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመራ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ግልባጩን ለትራፊክ ፖሊስ አድርጎ ለሁለቱም በአንድ ቀን ማቅረብ ይሻላል፤ ከደብዳቤውም ጋር ቁራጭ ሥፍራዎቹ በሜትር ተለክተው የተመለከቱበት ንድፍ ቢያያዝ፣ ጥያቄው ከአቤቱታነት ወደ ሥራ ሐሳብነት ይለወጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተያዘው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች እየተዛመተ በመሆኑ፣ የመንገድ ዳር እንደገና በሚቀየስበት በዚህ ጊዜ ያልተነገረ ነገር ጠርዙ ድንጋይ ከተተከለ በኋላ ቢነገር የሚሰማው የለም።

በመጀመሪያ በሁለቱም ከተሞች አንድ አንድ ሥፍራ ብቻ ለሙከራ ቢመረጥ ይበቃል። ሥራውን ለመጀመር ግን ወሩ መመረጥ አለበት። ነጭ ቀለም በእርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም፤ በአዊ ደግሞ ዝናቡ ቶሎ አያባራም። ሥፍራው በነሐሴ ተለክቶ፣ ደብዳቤው በመስከረም ገብቶ፣ መስመሩ በኅዳር ቢቀባ፣ የፈረሰኞቹ በዓል እንግዳ ከየአገሩ ወደ እንጅባራ ከመግባቱ በፊት ጠባቂውም ቁጥሩን፣ ባለ ሞተሩም ሥፍራውን ለመልመድ ሁለት ወር ያገኛሉ።